ፒተር ፋልክ ራሱን ብቻ ነበር የተጫወተው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ ጋር ማታ ማታ ‹ኮሎምቦ› የተባለውን የድሮ የአሜሪካ የመርማሪ ድራማ ማየት ከጀመርን ሁለት ወር ሆነን። እኩዮቼ አያውቁትም፤ እኔ ግን መርማሪውን ኮሎምቦን የሚጫወተውን ፒተር ፋልክን እንደ ዘመድ ወደድኩት። ባለፈው ሳምንት ‹አሁን ምን እየሠራ ይሆን?› ብዬ ስሙን ብፈልግ በ2011 መሞቱን አነበብኩ። ትናንት የሞተ ያህል ከፋኝ። ወንድሜ ሳቀብኝ። ‹እሱ ደግሞ ምኑ ተዋናይ ነው! ዕድሜ ልኩን ራሱን ነው የተጫወተው። ያበላችው ያቺ ዓይኑ ናት› አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። እውነቱን ነው? ደግሞስ እሱን ለማስታወስ ሌላ ምን ልይ?»

ምላሽ፦ ልጄ፣ ነፍሱን ይማረው። መርዶ ዘገየ ተብሎ መርዶነቱ አይቀርም፤ ሰው የሚያዝነው በሰማበት ቀን ነው። እናንተ ቤት ሰውየው እስካለፈው ሳምንት በሕይወት ነበር። ማታ ማታ ያንን የተጨማደደ ካፖርቱን ለብሶ ይገባል። ኪሶቹን ይዳብሳል። ታይታ ስለማታውቀው ሚስቱ ያወራል። አንቺ የሞተብሽ የአርባ ምናምን ዓመት ጎልማሳ እንጂ የሰማንያ ሦስት ዓመት አዛውንት አይደለም። እና ከፋኝ ብለሽ አትፈሪ፤ ወንድምሽ ይሳቅ።

(አንቺ የጠቀስሽውም ሆነ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ክርክራችሁ ልግባ፤ እኔን የሚመለከተኝ እሱ ነው። ትወና ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። «ራሱን ነው የሚጫወተው» የምትለዋን ፍርድ በየዓመቱ ከአንድ አዲስ ተማሪ አፍ እሰማታለሁ። ሁሌም እንደ ስድብ ነው የምትወረወረው። እኔም መልሴ ሁሌ አንድ ነው፦ «እሺ፣ ተነስና ካሜራው ፊት ራስህን ተጫወት። በበሩ ግባ፣ ሰላም በል፣ እርሳስ ፈልግ፣ ተቀመጥ።» ተማሪው ይስቃል፤ ቀላል ይመስለዋል። ካሜራው ሲበራ ግን እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ሰላምታው የተሸመደደ ይሆናል። ኪሱ ውስጥ እርሳስ ሲፈልግ፣ እርሳሱ የትኛው ኪስ ውስጥ እንዳለ እንደሚያውቅ ከሩቅ ያስታውቅበታል። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው እሱን የሚመስል፣ ግን እሱ ያልሆነ ሰው ነው።

ፋልክ ኮሎምቦ ሆኖ ያንን እርሳስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈልጎታል። አንድም ቀን የት እንዳለ የሚያውቅ አልመሰለም።

የዓይኑን ነገር ወንድምሽ ገልብጦ ነው የያዘው። ፋልክ የተወለደው በ1927 ኒው ዮርክ ከተማ ነው። ሦስት ዓመቱ ላይ ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የዓይን ካንሰር ተገኘበትና ቀኝ ዓይኑ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ሠራሽ ዓይን ኖረ። ይህ ግን ቁጭ አላደረገውም፤ ልጅ ሆኖ ስፖርት ወዳድ ነበር። ሲጠየቅ ደጋግሞ የሚያወራት አንዲት ጨዋታ አለች። ትምህርት ቤት ሳለ ቤዝቦል ሲጫወት ዳኛው ይፈርድበታል፤ ወጥተሃል ይለዋል። እሱ ደግሞ አልወጣሁም ባይ ነው። ሰው ሠራሽ ዓይኑን ከጉድጓዱ አውጥቶ ለዳኛው ዘረጋለት። እንካ፣ ለአንተ ነው የምታስፈልግህ ማለቱ ነው።

ሆሊውድ ውስጥ ያቺ ዓይን መጀመሪያ የሠራችው ሥራ በር መዝጋት ነው። ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ለሙከራ ቀርጾት ነበር። የኩባንያው አለቃ ሃሪ ኮን በዚሁ ዋጋ ሁለት ዓይን ያለው ተዋናይ አገኛለሁ ብሎ እንደመለሰው ፋልክ ሲናገር ኖሯል። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ የሚያይባት ልማዱ ከዚህ ጋር አትገናኝም አልልሽም። ትገናኛለች። ግን አንድ ዓይን ያለው ሰው ሞልቷል። ኮሎምቦ አንድ ነው።

ትወና የመጣለትም ዘግይቶ ነው። ያደገው ኦሲኒንግ በምትባል የኒው ዮርክ ግዛት ከተማ ነው፤ ወላጆቹ እዚያ ሱቅ ነበራቸው። ውትድርና በዓይኑ ምክንያት አልተቀበለውም። በንግድ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኖ ባሕር አቋረጠ። ተመልሶ ትምህርት ገባ። በ1953 ከሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ አስተዳደር ማስተርሱን ያዘና ኮኔቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ በበጀት ቢሮ ተቀጠረ። ሥራው መሥሪያ ቤቶች እንዴት ይቀልጥፉ የሚለውን ማጥናት ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ቢሮው ያለበትን ሕንጻ ማግኘት እንዳቃተው ራሱ ጽፏል። ሰውን ሊያቀላጥፍ የተቀጠረ ባለሙያ!

ይህን ስትነግሪው ወንድምሽ «ይኸው፣ አላልኩም?» ይልሻል። በእርግጥም ኮሎምቦን ይመስላል። ጥሬ ዕቃው የራሱ መሆኑን እኔም አልክድም። ግን ያ የበጀት ቢሮ ሠራተኛ ልክ እንደዚያው ተጨማዶ፣ ልክ እንደዚያው ሕንጻ እየጠፋበት ጡረታ ሊወጣ ይችል ነበር። ማንም አያስታውሰውም ነበር። በመካከል ሥራ ገባ።

ሥራው ውስጥ ያስገባችው ኢቫ ለ ጋሊየን ናት። የዘመኑ ትልቅ የመድረክ ሰው ነበረች፤ ዌስትፖርት ከተማ ውስጥ ለተዋናዮች ታስተምር ነበር። ፋልክ ከቢሮ ሲወጣ ከሃርትፎርድ እየነዳ ይሄዳል፤ ሁልጊዜም ይዘገያል። አንድ ቀን ለምን እንደሚዘገይ ጠየቀችው። ከሃርትፎርድ ነው የምመጣው አላት። ሃርትፎርድ ምን ትሠራለህ፣ እዚያ ቲያትር የለም፣ በትወና እንዴት ትኖራለህ አለችው። አፈር ብሎ እውነቱን ተናገረ፤ ተዋናይ አይደለሁም። ትኩር ብላ አየችውና መሆን ነበረብህ አለችው። ተመልሶ ነድቶ ሥራውን ለቀቀ። ሠላሳ ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ደስ የሚላቸው ሥራ የመልቀቁ ነገር ነው። እኔን ደስ የሚለኝ ግን በዚያ ርቀት በየጊዜው ነድቶ መዘግየቱ ነው። ስለ ተሰጥኦ ብዙ ይወራል፤ ስለ ነዳጁ ማንም አያወራም።

አሁን ወንድምሽን ዝም የሚያሰኘው ፊልም ላይ ደረስን። በ1960 የወጣ ነው፤ «መርደር ኢንክ» ይባላል። ፋልክ የተጫወተው ኤብ ሬልስን ነው፤ በእውነት የነበረ፣ በብሩክሊን የታወቀ ነፍሰ ገዳይ። ያው ፊት ነው። ያው ሻካራ ድምፅ፣ ያው አጭር ቁመት ነው። ያው ጠበብ ያለ ዓይን ነው። ግን እንኳን እርሳስ ልታበድሪው፣ አጠገቡ መቆምም አትፈልጊም። ኮሎምቦ ሰው ሲያይ የሚያስበው «ይቺ ነገር አልገባችኝም» ነው። ሬልስ ሰው ሲያይ ምንም የሚያስብ አይመስልም፤ ዕቃ ነው የሚያየው። ለዚህ ሥራ ለኦስካር በረዳት ተዋናይነት ታጨ። በቀጣዩ ዓመት በፍራንክ ካፕራ ፊልም እንደገና ታጨ። ሁለቱንም አላገኘም።

የመጀመሪያው ሥነ ሥርዓት ላይ የሆነውን ሲያወራ መስማት ነበረብሽ። አቅራቢው «ፒተር…» ሲል ፋልክ ከወንበሩ ብድግ አለ። የተጠራው ግን ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ተመልሶ እንደተቀመጠ አጠገቡ ወደነበረው የማስታወቂያ ሠራተኛው ዞር ብሎ «ከሥራ ተባረሃል» አለው። በነገራችን ላይ ኤሚ የምትባለው የቴሌቪዥን ሽልማት አልነፈገችውም። አምስት ወስዷል፤ አራቱ በኮሎምቦ ናቸው፤ አንዱ ከዚያ በፊት በ1962 የተሰጠው ነው።

ኮሎምቦን የፈጠሩት ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊሊያም ሊንክ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። ከዶስቶየቭስኪ ልቦለድ ከ«ወንጀልና ቅጣት» መርማሪ ከፖርፊሪ ፔትሮቪች ብዙ ነገር እንደወሰዱ ራሳቸው ተናግረዋል። ፋልክ ደግሞ የመጀመሪያው ኮሎምቦ አይደለም! በ1960 በቴሌቪዥን በርት ፍሪድ ተጫውቶታል። ቀጥሎ በመድረክ ቶማስ ሚቸል ተጫወተው። በ1968 ለቴሌቪዥን ፊልም ሊሠሩት ሲያስቡም መጀመሪያ የመጣላቸው ሌላ ሰው ነበር፤ ዘፋኙንና ተዋናዩን ቢንግ ክሮዝቢን ጠይቀውት አልፈልግም አለ። ይህን ለወንድምሽ ንገሪው። ገጸ ባሕርዩ ፋልክ ከመምጣቱ በፊት በወረቀት ላይ ነበረ። ለሌሎች ሰዎች ተሰጥቶም ነበር። ራሱን ቢጫወት ኖሮ ሌሎቹ ምን ሊጫወቱ ነበር?

ሌላው ቀርቶ ያቺ ከበር ተመልሶ «አንዲት ነገር ብቻ…» የሚላት እንኳን የእሱ ፈጠራ አይደለችም። ሌቪንሰንና ሊንክ የመድረኩን ተውኔት ሲጽፉ አንዱ ትዕይንት አጠረባቸው። ኮሎምቦ ግን ተሰናብቶ ወጥቷል። ያኔ የሚጻፈው በታይፕ ነው፤ ገጹን እንደገና መጻፍ ሰለቻቸው። ስለዚህ በሩን ከፍቶ እንዲመለስና የቀረችውን ጥያቄ እንዲጠይቅ አደረጉት። በዓለም የታወቀችው የመርማሪ ዘዴ ከሁለት ጸሐፊዎች ስንፍና ተወለደች። ይህን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ እኔም ሰነፍ ነኝ።

ታዲያ የፋልክ ሥራ ምኑ ላይ ነው? ዛሬ ማታ ያንን የበር ትዕይንት አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግተሽ እዪው። ተሰናብቷል። ጀርባውን ሰጥቶናል። እጁ በሩ ላይ ነው። ገዳዩ ከኋላ ቆሞ ትንፋሹን ለቀቅ ያደርጋል፤ ትከሻው ይወርዳል። ኮሎምቦ ይቆማል። ወዲያው አይዞርም! ለአንዲት አፍታ ጀርባው ብቻ ያስባል። እጁን ግንባሩ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ መጀመሪያ የሚዞረው ጭንቅላቱ ነው፤ ገላው ቆይቶ ይከተላል፤ መሄድ የሚፈልግ ግን ያልተፈቀደለት ሰው ይመስላል። ፊቱ ላይ ድል የለም። ያለው ሐፍረት ነው፤ ሰው ስላስቸገረ። ተራ ተዋናይ ቢሆን እዚህ ጋ ዓይኑ ብልጭ ይል ነበር፤ «ያዝኩህ» ለማለት። ፋልክ ያቺን ብልጭታ ሁሌ ይውጣታል። ይህ የባሕርይ ጉዳይ አይደለም። ጽሑፉን አንብቦ፣ መጨረሻውን እያወቀ፣ የማያውቅ ሰው ሆኖ መቆም ነው።

ደግሞ አስቢው፤ ድራማው ገዳዩን የሚነግረን ገና መጀመሪያ ላይ ነው። «ማን ገደለ?» የሚል ጥያቄ የለም። ተመልካቹን አንድ ሰዓት ከዚያም በላይ ወንበሩ ላይ የሚያቆየው ምንድነው? ሁለት ፊቶች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ይዋሻል፣ ሌላኛው ያመነ ይመስላል። ፊቶቹ ካልሠሩ ድራማው ሞተ። ከ1968 እስከ 2003 ድረስ በ69 ክፍሎች ፊቶቹ ሠርተዋል። ሁሉም እኩል ናቸው አልልም። የ1970ዎቹ ይበልጣሉ፤ በ1989 ሲመለስ ከመጡት ውስጥ ብታልፊያቸው የማይጎዱሽ አሉ።

አለባበሱንም በአብዛኛው ያመጣው እሱ ነው። ካፖርቱ የራሱ ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ 57ኛው ጎዳና ላይ ዝናብ ይዞት በ15 ዶላር የገዛው እንደሆነ ይናገራል። ያቺን ፔጆ 403 ስቱዲዮው ካቆማቸው መኪኖች መካከል አይቶ የመረጣት ራሱ ነው። ውሻውን ግን እምቢ ብሎ ነበር። ካፖርት አለው፣ መኪና አለው፣ ሲጋር አለው፣ ደግሞ ውሻ ምን ያደርጋል ባይ ነው። ከዚያ ያንን ጆሮው የወደቀ፣ የሰለቸው፣ ድክም ያለ ውሻ አመጡለት። አየውና በቃ ይሁን አለ። ስም እንኳን አልወጣለትም፤ «ውሻ» ነው የሚባለው።

ስለ እርሳሷም ልንገርሽ። ፋልክ አብሮት የሚሠራው ተዋናይ ሳያውቅ ጽሑፉ ላይ የሌለ ነገር ያደርግ ነበር። በአረፍተ ነገር መሀል ይቆምና እርሳስ ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል። ወይም ስለ ሌላ ነገር ያነሳል። የዚያኛው ተዋናይ ትዕግሥት ሲያልቅ እውነተኛ ንዴት ፊቱ ላይ ይመጣል። ካሜራው እሱን ይይዛል። ልብ በዪ፤ ይህ ለራሱ ተብሎ የሚሠራ አይደለም። ለሌላኛው ሰው ፊት የሚሠራ ነው። ተማሪዎቼ ይህንን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ይወስድባቸዋል። «እኔ ምን ላድርግ?» ይሉኛል፤ «አጠገብህ ያለው ሰው ምን እንዲሆን ታደርገዋለህ?» ነው ጥያቄው።

ከሁሉ የምወደው ክፍል በ1973 የወጣው ነው። ገዳዩ ወይን ጠማቂ ነው፤ ዶናልድ ፕሌዘንስ ነው የተጫወተው። ኮሎምቦ እሱን ለመያዝ ብሎ ስለ ወይን ይማራል። መጨረሻ ላይ ይይዘዋል። መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ኮሎምቦ ያመጣትን ወይን አብረው ይጠጣሉ። ጠማቂው በምርጫው ይረካል፤ ጥሩ ተምረሃል ይለዋል። አንዱ ወደ እስር ቤት ነው የሚሄደው፣ ሌላው ነው የሚያስገባው፤ ግን ሁለት ወዳጆች ናቸው። የፋልክን ፊት እዚያ ጋ እዪ። ስለተመሰገነ እንደ ተማሪ ደስ ብሎታል። ስለሚወስደው ሰው ደግሞ አዝኗል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ። ስልክ ደውሎ ሲጠብቅ የሚያንጎራጉራት የልጆች ዜማም ከዚሁ ክፍል ነው የመጣችው፤ ከራሱ ያወጣት ናት።

አሁን ኮሎምቦን እንተወው። የፋልክን ሌላ ግማሽ ለማግኘት ጆን ካሳቬቲስ ጋ መሄድ አለብሽ። ጓደኛው ነው። ተዋናይም ነው፤ በ1972 በአንድ የኮሎምቦ ክፍል ላይ ሙዚቃ መሪ ሆኖ ድብቅ ፍቅረኛውን የሚገድለው እሱ ነው። በዳይሬክተርነት ግን ሆሊውድ ገንዘብ የማይሰጣቸውን ፊልሞች በራሱ መንገድ ይሠራ ነበር። በ1974 ለወጣው «ኤ ውማን አንደር ዘ ኢንፍሉዌንስ» ካሳቬቲስ ቤቱን አስያዘ፤ ፋልክ በቴሌቪዥን ካገኘው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። ተዋናይ ለጓደኛው ፊልም ኪሱን ሲዳብስ እርሳስ ብቻ አይደለም የሚያወጣው ማለት ነው።

ፊልሙ ከባድ ነው። ፋልክ ኒክ የሚባል የግንባታ ሠራተኞች አለቃ ነው። ሚስቱ፣ ጂና ሮውላንድስ፣ አእምሮዋ እየታወከ ነው። አንድ ጠዋት ሌሊቱን ሲሠሩ ያደሩትን ሠራተኞች ሁሉ ይዞ ቤት ይመጣል። ሚስቱ ስፓጌቲ ትሠራላቸዋለች። ጠረጴዛው ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ይስቃሉ፣ አንዱ ይዘፍናል። እሷ ደስ ይላታል። ደስታዋ ግን ልክ ያልፋል፤ አንዱን ሠራተኛ ካልደነስክ ብላ ትይዘዋለች። ሰዎቹ ሳህናቸውን ማየት ይጀምራሉ። ኒክ ይስቃል፣ ይታገሣል፣ እንደገና ይስቃል። ከዚያ በድንገት ይጮኽባታል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ያ ጩኸት ክፋት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ሐፍረትም አለበት፣ ፍቅርም አለበት፣ ምን እንደሚያደርግ አለማወቅም አለበት። ኮሎምቦ ሁልጊዜ አላወቅሁም እያለ የሚያውቅ ሰው ነው። ኒክ አውቃለሁ እያለ ምንም የማያውቅ ሰው ነው። ይህንን አይቶ «ራሱን ነው የተጫወተው» የሚል ሰው ካለ፣ የትኛውን ራሱን ብለሽ ጠይቂው።

ቀልዱን ከፈለግሽ በ1979 ከአለን አርኪን ጋር የሠራው «ዘ ኢን-ሎውስ» አለ። ልጆች ቤት ካሉ ደግሞ በ1987 የወጣው «ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ»፤ ለታመመ የልጅ ልጁ ተረት የሚያነብ አያት ነው። ልጁ መጀመሪያ ይሰለቻል፣ አያትየው አይሰለችም። አባትሽ የሚወደው ይመስለኛል።

የመጨረሻ ዓመታቱ ከባድ ነበሩ። አልዛይመር ያዘው። በ2009 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር፤ ማን ይጠብቀው በሚል። እዚያ የመሰከረ ሐኪም ፋልክ ኮሎምቦ የተባለውን ገጸ ባሕርይ እንኳን ማስታወስ እንደማይችል ተናገረ። ይህን ዜና ያነበብኩ ቀን ክፍል ገብቼ ማስተማር አቃተኝ። በዓለም ዙሪያ ማንም የሚያውቀውን ሰው፣ ያለበሰውና ያራመደው ሰው ብቻ አያውቀውም። ጁን 23 ቀን 2011 ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ አረፈ። ከዚያ በኋላ የተደረጉለት ብዙ ናቸው። በ2013 ሆሊውድ በዝነኞች ጎዳናው ላይ ስሙ ያለበትን የኮከብ ንጣፍ አኖረለት። በ2014 ቡዳፔስት ውስጥ ፋልክ ሚክሻ በሚባል ጎዳና ላይ ሐውልት ቆመለት፤ ከነካፖርቱ፣ ከነውሻው። ለምን እዚያ? የጎዳናው ስም ከእሱ ስም ጋር ስለሚገጥም ነው፤ ዝምድናቸው አልተረጋገጠም። ኮሎምቦ ቢሆን ኖሮ ይህችን ዝምድና ሳያጣራ አያድርም ነበር።

የእኔ ተወዳጅ መታሰቢያ ግን ሎስ አንጀለስ፣ ዌስትውድ መካነ መቃብር ያለው የራሱ ድንጋይ ነው። ሼራ ሚስቱ ናት፤ ተዋናይ ነበረች፣ ኮሎምቦ ላይም ደጋግማ ሠርታለች። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ «እዚህ የለሁም፤ ቤት ከሼራ ጋር ነኝ።» ዕድሜ ልኩን ታይታ ስለማታውቅ ሚስት ሲያወራ የኖረ ሰው ነውና፣ ሳላውቀው ሳቅሁ።

አሁን ምን ልይ ላልሽው። ለወንድምሽ በ«መርደር ኢንክ» ጀምሪለት፤ ኮሎምቦን ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። ቀጥሎ የወይን ጠማቂውን ክፍል። «ኤ ውማን አንደር ዘ ኢንፍሉዌንስ»ን ለብቻሽ እዪው፣ በደከመሽ ቀን ግን አይሁን።

ለመጨረሻ «ዊንግስ ኦፍ ዲዛየር»ን አስቀምጪ። በ1987 ቪም ቬንደርስ በርሊን ውስጥ የሠራው ነው፤ ግንቡ ገና አልፈረሰም። መላእክት በከተማው ይዞራሉ፤ የሰውን ሐሳብ ይሰማሉ፣ ሰው ግን አያያቸውም። ፋልክ እዚህ ስሙም ፒተር ፋልክ ነው፤ ፊልም ሊሠራ በርሊን የመጣ ተዋናይ። ወንድምሽ የፈለገው ይኸው ነው፤ በመጨረሻ ራሱን ይጫወታል። መንገድ ላይ ወጣቶች አይተውት ኮሎምቦ ነው አይደለም ይከራከራሉ፤ እንዲህ ያለ ያረጀ ካፖርት ለብሶ አይሆንም ይላሉ። በአዕምሮው ሲያወራ ትሰሚዋለሽ፤ ቁጭ ብሎ ሰዎችን በእርሳስ ይስላል። በእውነተኛ ሕይወቱም ሥዕል ይወድ ነበር፤ በከሰል ይስል ነበር።

ፊልሙን ስታዪ አንድ ትዕይንት ላይ ስትደርሺ ስልክሽን አስቀምጪ። ብርድ ነው። ፋልክ መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ኪዮስክ ቡና ይዞ ቆሟል። አጠገቡ ማንም የለም፤ እኛ ግን መልአኩን እናየዋለን። ፋልክ ቀና ይልና፣ አላይህም ግን እዚህ እንዳለህ አውቃለሁ ይለዋል። ከዚያ መኖር ምን እንደሚመስል ይነግረዋል። ቡና ትኩስ ሲሆን፣ ሲጋራ ሲጨመርበት። እርሳስ ይዞ አንድ ጥቁር መስመር መሳብ፣ ቀጥሎ ፈዘዝ ያለ መስመር መሳብ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ጥሩ መስመር ሲሆኑ። እጅ ሲበርድ እጅን ከእጅ ማሻሸት፣ እያለ ያሻሻል። መጨረሻ ላይ ቀኝ እጁን ማንም በሌለበት አየር ላይ ይዘረጋል፤ ሰላምታ ለመስጠት። ከአባትሽና ከወንድምሽ ጋር ሆናችሁ ያንን እጅ እዩት፤ ምን ያህል ጊዜ ሳይወርድ እንደሚቆይ።